ጣት መጥባትን ማስተው፦ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ልጄ ጣቷን መጥባት ያቆመችው 5 ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ሲቀራት ነው። እነዚህ ያኔ እኔ የጠየቅኳቸው፣ አሁን ደግሞ ሌሎች እናቶችና አባቶች የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ናቸው።

ልጆች ጣታቸውን የሚጠቡት ለምንድን ነው?

ይዘውት ስለሚወለዱ ነው። ሕፃን ገና በማህፀን ሳለ አውራ ጣቱን ሲጠባ በአልትራሳውንድ ይታያል። መጥባትን ይዞ ባይወለድ ኖሮ ጡት መያዝ አይችልም ነበር። ሆዱ ከሞላ በኋላም መጥባቱ ራሱ ያረጋጋዋል። ትንፋሹ ይሰክናል፣ ዓይኑ ይከደናል።

ከፍ ሲል ጣቱ ማባበያው ይሆናል። እንቅልፍ ሲመጣበት፣ ሲደክመው፣ ሲሰለቸው፣ እንግዳ ሲበዛበት፣ እናቱ ከዓይኑ ስትርቅ ወደ አፉ ያስገባዋል። አሻንጉሊት ይጠፋል፣ ብርድ ልብስ ይታጠባል። ጣት ግን ሁልጊዜ አብሮት ነው። ማስተው ከባድ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ጣት መጥባት ልጁ ፍቅር እንዳነሰው አያሳይም። «ምን አጎደልኩበት?» እያሉ ራሳቸውን የሚወቅሱ ብዙ እናቶች አጋጥመውኛል። ምንም አላጎደላችሁም። ልጁ ራሱን የሚያረጋጋበት መንገድ አግኝቷል፤ የእኛ ሥራ ጊዜው ሲደርስ ሌላ መንገድ ማሳየት ነው።

ልጄ 5 ወሩ ነው። ቀኑን ሙሉ እጁ አፉ ውስጥ ነው። ርቦት ነው ወይስ ጥርስ ሊያወጣ ነው?

ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ከእጁ ይልቅ ሌላውን ምልክት እዩ። የራበው ሕፃን ጭንቅላቱን ወደ ጡት ያዞራል፣ አፉን ይከፍታል፣ ይቁነጠነጣል፣ ቆይቶም ያለቅሳል። ጠግቦ፣ ደስ ብሎት እጁን የሚልስ ከሆነ ግን ዓለምን በአፉ እየተማረ ነው። በዚህ ዕድሜ ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። የመጀመሪያው ጥርስም በብዛት የሚወጣው 6 ወር አካባቢ ስለሆነ ድዱ ሊያሳክከው፣ ምራቁ ሊበዛ ይችላል። ንጹሕ ጨርቅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አርሳችሁ እንዲያኝክ ስጡት።

እዚህ ላይ አንድ የምፈራው ነገር አለ። ሕፃን እጁን ከአፉ አላወጣ ሲል፣ በዚያ ላይ ተቅማጥ ሲጨመርበት፣ «ጥርሱ ነው» ተብሎ የወተት ጥርሱ የሚነቀልበት ወይም ድዱ የሚቧጠጥበት ቤት ዛሬም አለ። እባካችሁ አታድርጉት። ልጁ ደም ይፈሰዋል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስም ይጎዳል። ተቅማጥ የሚያመጣው ጥርስ ሳይሆን ወደ አፉ የገባ ጀርም ነው። ተቅማጥና ትኩሳት ያለበት ሕፃን የሚወሰደው ጤና ጣቢያ ነው።

እስከ ስንት ዓመቱ ዝም ልበለው?

አብዛኞቹ ልጆች ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ በራሳቸው ይተዉታል። ጨዋታው ይበዛል፣ ወሬው ይበዛል፣ እጅና አፍ ሌላ ሥራ ያገኛሉ። ስለዚህ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ልጅ ጣቱን ስለጠባ መታገል ጉልበት መጨረስ ነው።

እኔ የምከተለው ስሌት እንዲህ ነው። እስከ 3 ዓመት ዝም። ከ3 እስከ 4 ቀስ እያሉ ማዘናጋት። 4 ካለፈ በእቅድ መሥራት። ገደቡ ቋሚ ጥርስ ነው። ቋሚ ጥርስ ብቅ ማለት የሚጀምረው 6 ዓመት አካባቢ ነው፣ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ደግሞ ከ7 እስከ 8 ባለው ጊዜ ይወጣሉ። ከዚያ በፊት ጣቱ ከአፉ ቢወጣ ትልቅ ነገር ነው።

ልጁ በጣም አጥብቆ የሚጠባ ከሆነና ጥርሱ ላይ ለውጥ ካያችሁ ግን ዕድሜ አትጠብቁ። በ3 ዓመቱም ቢሆን የጥርስ ሐኪም ይየው።

እውነት ጥርሱን ያበላሽበታል? የወተት ጥርስ ይነቀል የለ እንዴ?

ሊያበላሽ ይችላል፣ ሁሉንም ልጅ እኩል ግን አይደለም። ሦስት ነገር ይወስነዋል፦ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚጠባ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚጠባ፣ ስንት ዓመት እንደቆየበት። ጣቱን ከንፈሩ ላይ ጣል አድርጎ የሚተኛ ልጅና ጉንጩ እስኪሰረጉድ ድምፅ እያሰማ የሚጠባ ልጅ አንድ አይደሉም። ጥርስን የሚያንቀሳቅሰው በተለይ የቆይታው ርዝመት ነው። ሌሊቱን ሙሉ አፍ ውስጥ የሚያድር ጣት ቀን ለአምስት ደቂቃ ከሚገባው እጅግ የበለጠ ይጎዳል።

ምን ይሆናል? ጣቱ የላይኞቹን የፊት ጥርሶች ወደ ውጭ፣ የታችኞቹን ወደ ውስጥ ይገፋል። ልጁ የመንጋጋ ጥርሱን ሲገጥም የፊቱ ክፍት ይቀራል። ዳቦ በፊት ጥርሱ መግመጥ ያቅተዋል፣ በጎን ይነክሳል። ምላሱ በክፍተቱ እየወጣ ሰ እና ዘ ሲል ይኮላተፋል። የላንቃው ስፋትም ይጠብባል፣ ምክንያቱም ምላስ ላንቃውን ከውስጥ መደገፉን ትቶ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጉንጭ ደግሞ ከውጭ ይጫናል። እንግዲህ የሚበላሸው የወተት ጥርሱ ብቻ አይደለም። አጥንቱም አብሮ ቅርፁን ይለውጣል፣ ቋሚው ጥርስ የሚመጣው እዚያ አጥንት ላይ ነው።

ደስ የሚለው ወሬ ደግሞ ይኸውና። ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች ከመውጣታቸው በፊት ልጁ ካቆመ ክፍተቱ ብዙ ጊዜ ያለ ሕክምና በራሱ ይገጥማል። የጠበበው ላንቃ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። ቤት ውስጥ ለማየት ልጁን የመንጋጋ ጥርሱን ገጥሞ ፈገግ እንዲል ጠይቁት። በላይና በታች ጥርሱ መካከል ምላሱ የሚታይ ከሆነ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ጣቱ ቆሻሻ ነው። ወስፋት አይዘውም?

እኔን ከጥርሱ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የወስፋት እንቁላል ያለው አፈር ውስጥ ነው፤ በእጅ በኩል አፍ ይገባል። ጃርዲያም አሜባም መንገዳቸው ይኸው ነው። አፈር ላይ ተጫውቶ ሳይታጠብ ጣቱን የሚጠባ ልጅ በሩን ከፍቶላቸዋል ማለት ነው።

ጣቱን እስኪተው መጠበቅ አያስፈልግም። ጥፍሩን በየሳምንቱ አጭር አድርጋችሁ ቁረጡ። ከጨዋታ ሲመለስ፣ ከመጸዳጃ ሲወጣ፣ ከምግብና ከእንቅልፍ በፊት በሳሙና ይታጠብ። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ካላችሁ ደግሞ የትል መድኃኒት ዘመቻ አያምልጣችሁ። በአገራችን ከ2 እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች ከቫይታሚን ኤ ጋር በየጊዜው ይሰጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ቀኑን ጠይቋት።

የጣቱንም ቆዳ እዩ። ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ ይነጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ወይም ጠንክሮ ጉብ ይላል። ለስንጥቁ ቫዝሊን ይበቃል። ጥፍሩ ሥር ቀልቶ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ግን ሕክምና ያስፈልገዋል።

የግራ እጁን ነው የሚጠባው። ግራኝ ይሆናል?

ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። በሰሜን አየርላንድ ቤልፋስት፣ ማህፀን ውስጥ ሳሉ ጣታቸውን ሲጠቡ በአልትራሳውንድ የታዩ 75 ልጆች ካደጉ በኋላ እንደገና ታይተዋል። ቀኙን ይጠቡ የነበሩት 60ዎቹ ሁሉም ቀኝ እጃቸውን የሚጠቀሙ ሆነው ተገኙ። ግራውን ይጠቡ ከነበሩት 15 ልጆች ውስጥ ግን ግራኝ የሆኑት 10ሩ ናቸው። ግራኝ ቢሆንስ ምን ይሆናል? እጁን አታስለውጡት።

ሬት ወይም ሚጥሚጣ ብቀባበት አይተውም?

በጣም ከሚጠየቁት አንዱ ነው። ሬት ጡት ለማስጣል የቆየ ዘዴ ስለሆነ ለጣትም ቶሎ ትዝ ይላል። እኔም ቀብቼ ነበር። ልጄ 3 ዓመት ተኩል ነበረች። ቀመሰችው፣ ፊቷ ተጨማደደ፣ አለቀሰች። ያንን ፊት እስካሁን አልረሳውም። ማታ በግራዋ ጣቷ ተኛች። በሦስተኛው ቀን ቀኟንም ጠርጋ መልሳ አስገባችው። ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ለሳምንት ያህል እጇን እንዳልይዛት መሸሿ ነው።

ሚጥሚጣና በርበሬ ግን ፈጽሞ አይሞከርም። ልጅ እንቅልፍ ሲመጣበት ዓይኑን ያሻል። የሚጥሚጣ እጅ ዓይን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ሽንኩርትና ቃሪያ የከተፈ ሁሉ ያውቀዋል። ሬትም ቢሆን ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። ከቅጠሉ ልጣጭ ሥር የሚወጣው ቢጫው መራራ ፈሳሽ ኃይለኛ የሚያስቀምጥ ነገር ነው፤ ትንሽ ልጅ ደጋግሞ ሲልሰው ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል።

ፋርማሲ የሚሸጥ መራራ የጥፍር ቀለም አለ። እሱን የምቀበለው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ ልጁ ራሱ መተው ሲፈልግና እየረሳ ሲያስቸግር። «ይሄ ያስታውስሃል» ተብሎ፣ እሱ እሺ ብሎ ከተቀባ ማስታወሻ ነው። ሳይስማማ፣ ተይዞ ከተቀባ ቅጣት ነው። ልጅ ደግሞ ሲቀጣ ይከፋዋል፤ ሲከፋው ጣቱን ይፈልጋል።

ታዲያ በምን ላስተወው?

መጀመሪያ አንድ ሳምንት ምንም ሳትናገሩ ተከታተሉ። መቼ ነው የሚያስገባው? የት ቁጭ ብሎ? ከማን ጋር? ጻፉት። እኔ ስጽፍ ሦስት ቦታ ብቻ አገኘሁ፦ ቴሌቪዥን ፊት፣ ታክሲ ውስጥ፣ መኝታ ላይ። ቀኑን ሙሉ የምትጠባ ይመስለኝ ነበር፤ አልነበረም። ይሄ ብቻ ግማሹን ጭንቀቴን ወሰደልኝ።

ከዚያ ልጁን አናግሩት፣ ጣቱ አፉ ውስጥ በሌለበት፣ ደስ ባለው ሰዓት። መስታወት ፊት አቁማችሁ ጥርሱን አሳዩት። «ትልቁ ጥርስህ ሊመጣ ነው፤ ቦታውን እናመቻችለት?» በሉት። የአራት ዓመት ልጅ ይሄ ይገባዋል። እሺ ካለ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። እምቢ ካለ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ጠይቁት። እሱ ሳይፈልግ የተጀመረ ነገር ሲጨርስ አላየሁም።

አሁን ለእያንዳንዱ ሰዓት ምትክ ፈልጉ። እዚህ ጋ ነው ጊዜ የምትሰጡት። ቴሌቪዥን ሲያይ እጁ ምን ይያዝ? ለስላሳ ኳስ፣ የጨርቅ አሻንጉሊት፣ የተድቦለቦለ ሊጥ። ለእኔ ልጅ የሠራው ሊጥ ነበር። ታክሲ ውስጥ ቦርሳዬን እንድትይዝልኝ አደርግ ነበር፣ በሁለት እጇ። ቤት ውስጥ ሥራ ስጡት። ቡና ሲፈላ ቄጤማ ይጎዝጉዝ፣ ስኒ ያቀብል፣ ካልሲ ያጣምር። ሥራ የያዘ እጅ አፍ ውስጥ አይገባም። ርቦት ወይም ደክሞት የሚጠባ ከሆነ ደግሞ መክሰሱን ወይም እንቅልፉን ግማሽ ሰዓት አስቀድሙለት።

ጣቱ «ሲጠራው» የሚያደርገውም አስተምሩት። አውራ ጣቱን በሌሎቹ ጣቶች ሸፍኖ ጨብጦ እስከ 20 ይቁጠር። መቁጠር የማይችል ከሆነ ከእናንተ ጋር ይቁጠር። ጣቱ ላይ ራሱ የመረጠውን ፕላስተር መለጠፍም ይረዳል፤ አፉ ሲደርስ «አሃ» ብሎ ያስታውሰዋል።

ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፉ። ቀኑን ከሰዓት በፊትና ከሰዓት በኋላ ብላችሁ ክፈሉት። ሳይጠባ ባለፈ ቁጥር ፀሐይ ይሳል። ሙሉ ቀን ለትንሽ ልጅ በጣም ረጅም ነው፤ ጠዋት ከተሸነፈ ቀኑ ሁሉ የጠፋ እንዳይመስለው። አምስት ፀሐይ ሲሞላ ውድ ዕቃ አይገዛም። አባቱ ትከሻው ላይ አድርጎ ያዙረው፣ ወይም ማታ የሚነገረውን ተረት እሱ ይምረጥ። ያልተሳካለትን ሰዓት አትቁጠሩበት፣ ባዶ ይቀመጥ። ሳይጠባ ስታዩት ግን ስሙን ጠርታችሁ አመስግኑት።

ቀን ትቶታል፤ ሌሊት ግን አልሆነም። ምን ላድርግ?

ሌሊቱ መጨረሻ ነው የሚለቀው፤ የተለመደ ነው። የተኛ ልጅ የሚያደርገውን አያውቅምና አይወቀስም።

እንቅልፍ ሲወስደው ጣቱን ቀስ አድርጋችሁ አውጡና ሌላ ነገር አሳቅፉት። እጁ ላይ ንጹሕ የጥጥ ካልሲ ማጥለቅ ብዙ ቤት ውስጥ ሠርቷል። ካልሲውን እያወለቀ ካስቸገረ የፒጃማውን እጅጌ አስረዝማችሁ ጫፉን ስፉት። በክር ወይም በጎማ እጁን አትሰሩት፣ ደም ይከለክላል። ሌሊት ፕላስተርም አልመክርም፤ ተላቆ ጉሮሮው ውስጥ ሊገባ ይችላል። የመኝታውን ሰዓትም አትዝለሉት። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መተኛት፣ ተረት፣ ጀርባ ማሻሸት። ጣቱ ይሰጠው የነበረውን መረጋጋት ከእናንተ እጅ ካገኘ በጣም ይቀልለታል።

ጡት ካስጣልኳት በኋላ ነው የጀመረችው። ታናሿም ተወልዷል። ልከልክላት?

አሁን አትከልክሏት። ጡቱን ትታለች፣ የእናቷን ጭን ለሌላ ለቃለች። አንድ ላይ ይበዛባታል። በዚህ ጊዜ ጣቷን ስትጠባ እያዘነች ራሷን እያባበለች ነው።

ሕፃኑ ሲተኛ በየቀኑ የእሷ ብቻ የሆነ ሩብ ሰዓት ስጧት፣ ስልክ የሌለበት። ሕፃኑን ስታጠቡ ከጎን ተቀምጣ አንድ ነገር ታቀብላችሁ። ጥቂት ወራት ካለፈና ቤቱ ከተረጋጋ በኋላ ወደ እቅዱ መግባት ይቻላል። ቤት መቀየር፣ ትምህርት ቤት መጀመር፣ አባት ወይም እናት ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድም እንደዚሁ ነው። ዓለሙ እየተናወጠ ያለ ልጅ የያዘውን ምርኩዝ አትንጠቁት።

እኔ ዝም ስለው አያቱ ትቆጣዋለች። ሞግዚቷም «እንቆርጠዋለን» ትለዋለች።

ይሄ ሳይስተካከል የቀረው ሁሉ አይሠራም። አንዱ ሲያመሰግን ሌላው ካስፈራራ ልጁ የሚማረው መደበቅን ነው። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ፣ ከሶፋ ጀርባ ሆኖ ይጠባል። «ጣትህን እንቆርጠዋለን» ደግሞ ለትልቅ ሰው ማስፈራሪያ ብቻ ነው፤ የሦስት ዓመት ልጅ ግን ያምነዋል። ሌሊት እየባነነ የሚነሳ ልጅ ካላችሁ ቀን ምን እንደተባለ ጠይቁ።

አያትን በልጁ ፊት አታርሟት። ለብቻ፣ በአክብሮት ንገሯት፦ «እማማ፣ ሲቆጡት ይብስበታል። ሲያስገባ ካዩት ዝም ብለው አንድ ነገር ያስይዙት፤ እርስዎን ይሰማል።» ሥራ የተሰጣት አያት ትልቅ አጋዥ ትሆናለች። ለሞግዚቷም የምትናገረውን ቃል ራሱ ስጧት፦ «እጅህን አሳየኝ፣ ና እንጫወት።» መምህሯንም አናግሯት። ክፍል ውስጥ «ጡት ጠቢ» እየተባለ የሚሳቅበት ልጅ ካለ ያንን ማስቆም የእሷ ድርሻ ነው።

የእንጀራ እናት የሚባለውን ፓሲፋየር ብሰጠው አይሻልም?

ፓሲፋየር አንድ ጥቅም አለው፦ ቀኑ ሲደርስ ወስዶ መጣል ይቻላል። ጣት አይጣልም። ጥርስን በመግፋት ግን ያው ነው። በተለይ 3 ዓመት ካለፈ እሱም ይጎዳል።

ለእኛ ኑሮ ንጽሕናው ከባድ ነው። ወለል ላይ ይወድቃል፣ በቀሚስ ተጠርጎ ይመለሳል። ካልተቀቀለ ከጣት አይሻልም። ማር ወይም ስኳር አስነክሮ መስጠት ጥርስ ያበሰብሳል፤ ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጭራሽ አይሰጥም። ለሕፃን ስትጀምሩም ጡት መያዙን በደንብ ከለመደ በኋላ ይሁን። አራት ዓመት የሆነውን ጣት ጠቢ ግን ፓሲፋየር ማስለመድ አንዱን ልማድ በሌላ መተካት ብቻ ነው።

እየጠባች ፀጉሯን ትጎትታለች። ጆሮውን የሚያሽ፣ ጨርቅ የሚይዝም አለ። የትኛውን ላስተው?

ሁለቱ አንድ ላይ የተሰፉ ናቸው። አንዱ ሲጀመር ሌላው ይከተላል። ብዙ ጊዜ ጣቱ ሲቆም ፀጉር መጎተቱም አብሮ ስለሚቆም ሁለት ጦርነት አትክፈቱ። እሷ የምትይዘው የተለየ ጨርቅ ካለ ግን ቀን ቀን ከዓይን ይራቅ፣ ለመኝታ ብቻ ይውጣ። ጨርቁን ስታይ ጣቷ ትዝ ይላታል። ፀጉሯ ቦታ ቦታውን እየመለጠ ከሆነ ወይም ፀጉሩን የምትውጥ ከሆነ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ሁለት ወር አቁሞ ነበር፤ እንደገና ጀመረ።

ይመለሳል። ሲታመም፣ ጉዞ ሲኖር፣ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ሲበዛ የቆየው ልማድ ይቀሰቀሳል። «ትተኸው አልነበረም እንዴ!» አትበሉት። ወረቀቱን መልሳችሁ ለጥፉ። ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ያጥራል።

ለረጅም ጊዜ ትቶት የነበረ ልጅ ድንገት ቀኑን ሙሉ መጥባት ከጀመረ፣ በዚያ ላይ ከሰው ከራቀ፣ አልጋው ላይ መሽናት ከጀመረ ወይም አንድን ሰው ወይም ቦታ ከፈራ ግን ጉዳዩ ጣቱ አይደለም። የደረሰበት ነገር ይኖራል። ተረጋግታችሁ፣ ሳታስጨንቁት አዳምጡት፤ የሕፃናት ሐኪምም ይየው።

ጣት የሚጠቡ ልጆች አለርጂ አይዛቸውም የሚባለው እውነት ነው?

ግማሽ እውነት ነው። በኒውዚላንድ ዱነዲን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 የተወለዱ ከ1,000 በላይ ልጆችን የተከታተለ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ውጤት እንደሚለው፣ በ13 ዓመታቸው የቆዳ ምርመራ ሲደረግላቸው ጣት ከማይጠቡና ጥፍር ከማይበሉት 49 በመቶው አለርጂ አሳይተዋል። ሁለቱንም ልማድ ከነበራቸው ግን 31 በመቶው ብቻ። ምናልባት ቀደም ብለው ከጀርም ጋር መተዋወቃቸው ይሆናል።

ይሁን እንጂ በአስምና በአፍንጫ አለርጂ በሽታ ላይ ልዩነት አልተገኘም። አጥኚዎቹም «ልጆች ጣት ይጥቡ» አላሉም። የዱነዲን አፈር ደግሞ ወስፋት የሞላበት አፈር አይደለም። በዚህ ተጽናንታችሁ የስድስት ዓመቱን ልጅ ዝም አትበሉት።

ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ሁሉን ሞክረናል፣ አልሆነም።

አሁን የጥርስ ሐኪም ጊዜ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ ልጁን ራሱን ያናግረዋል። ይሄን አትናቁት። እናቱ መቶ ጊዜ ያለችው ከነጭ ጋዋን ሲመጣ የሚገባው ልጅ ብዙ ነው። ያ ካልበቃ ላንቃው ላይ የሚገጠም የሽቦ መሣሪያ አለ። በላይኛው መንጋጋ ጥርሶች ላይ ይጣበቃል፣ ጣቱ ላንቃውን እንዳይነካ ይከለክላል፣ የመጥባቱ ጣዕም ይጠፋል። ለወራት አፍ ውስጥ ይቆያል። መጀመሪያ ሰሞን መብላትና መናገር ያስቸግራል፣ ከዚያ ይለመዳል። ልጁ ሳይስማማ አይገጠም፤ እየነቀነቀ ይሰብረዋል። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ግምገማ ማበረታቻና ምክርም፣ መሣሪያውም እንደሚረዱ አግኝቷል፤ የተመሠረተባቸው ጥናቶች ግን ጥቂትና ደካማ ናቸው። ስለዚህ እኔ ከቀላሉ ጀምሩ እላለሁ።

ጥርስ የሚያስተካክሉ ስፔሻሊስቶች አገር ቤት በብዛት የሚገኙት አዲስ አበባ ነው። ከክፍለ ሀገር የምትመጡ ከሆነ ለመሣሪያው መመላለስ ስላለበት አስቀድማችሁ ዋጋውንና የቀጠሮውን ብዛት ጠይቁ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ኢንሹራንሳችሁ ይሄንን ይሸፍን እንደሆነ ከመገጠሙ በፊት በጽሑፍ አረጋግጡ።

ሐኪሙ ጋ ስትገቡ እነዚህን ጠይቁ፦ የፊቱ ክፍተት ጣቱን ቢተው በራሱ ይገጥማል ወይ? ላንቃው ጠቧል ወይ? መሣሪያው ስንት ወር ይቆያል? ቢሰበርስ? ልጁም የራሱን ጥያቄ ይጠይቅ። የእኔ ልጅ የጠየቀችው «ያማል?» ብቻ ነበር። ሐኪሙ ወንበሩን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኗን እያየ መለሰላት። መሣሪያው ሳያስፈልጋት ከሰባት ሳምንት በኋላ ተወችው።